የቃሊቲ ታሳሪዎችና ልጆቻቸው
በንፋስ ስልክ አልፎ ወደ ቃሊቲ የሚዘልቀው የደብረ ዘይት መንገድ፣ የደርግ ባለሥልጣናት ቤተሰቦች ለጥየቃ፣ ማለትም እስረኛን ለመጎብኘት፣ ስንቅ ይዘው የተመላለሱበት ሲሆን፣ አባቶቻቸው በ1983 ዓ.ም. ሲታሰሩ ሕፃናት የነበሩት በጥየቃ ምልልስ ጎልምሰዋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2000 ዓ.ም. በባለሥልጣናቱ በእነ ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስና ፍሥሐ ደስታ ላይ የወሰነው የሞት ቅጣት፣ የሃይማኖት አባቶች ይቅርታ ከጠየቁላቸው በኋላ በ2003 ዓ.ም. ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለውጦ፣ ብዙዎቹ በ2004 ዓ.ም. በአመክሮ፣ ማለትም ቀሪው ቅጣት በመልካም ጠባይ ገደብ በሚታለፍበት ሥርዓት፣ ተፈትተዋል። የመንግሥት ይቅርታ ግን ቅጣትን እንጂ ቂምን የሚያነሣ ባለመሆኑ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. በደርግ ያለ ፍርድ የተረሸኑት የንጉሡ ዘመን ባለሥልጣናት ልጆች፣ የሚጠይቁት አባት እንኳ ያልተረፈላቸው፣ በይቅርታው ሐሳብ ላይ አንድ ድምፅ እንዲኖራቸው መጠበቅ አዳጋች ነበር፤ ታሳሪው ከገዛ ልጁ የሚሻው ይቅርታም ቢሆን ከአዋጅና ከፍርድ ቤት ሥልጣን ውጭ ነው።