ስለ ጠፉት ቀኖች

ለጨዋታ የሚሆን አንድ ጥያቄ አለ። በእስፓንያ አገር ቴሬዛ ዘአቪላ የምትባል ስመ ጥር መነኵሲት በ1582 ዓመት (ዓመቱ በፈረንጅ ቍጥር ነው) በኦክቶበር 4 ቀን ማታ ዐረፈች፤ በማግሥቱም ተቀበረች። የተቀበረችው በስንት ቀን ነው? «በ5 ቀን» ብሎ የመለሰ ሁሉ ይሳሳታል፤ በኦክቶበር 15 ቀን ነው። አስከሬኗ ሳይቀበር አልሰነበተም፤ ያችም ሌሊት ከሌሎቹ ሌሊቶች አልረዘመችም። ዐሥር ቀኖች ከመዝገብ ተፋቁ እንጂ። ዛሬም አንዳንዱ የእጅ ስልክ የዚያን ወር ቀኖች ሲያሳይ ከ4 ወደ 15 ይዘላል፤ ይህንንም ያዩ ወጣቶች ስልኩ የተበላሸ መስሏቸው በኢንተርኔት እየተቀባበሉ ተደንቀውበታል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ዩልዮስ ቄሣር ከጌታ ልደት በፊት በ45 ዓመት ያቆመው አቈጣጠር ዓመቱን 365 ቀን ከሩብ ያደርገዋል። ወቅቶች ዞረው ከነበሩበት የሚደርሱት ግን ከዚህ 11 ደቂቃ ያህል ቀደም ብለው ነው። 11 ደቂቃ ምን ትሆናለች? ሽማግሌ በትሩን ፈልጎ እስኪያገኝ ታልፋለች። ዳሩ ግን በ128 ዓመት ተጠራቅማ አንድ ሙሉ ቀን ትወጣለች። ስለዚህ በኒቅያ ጉባኤ ዘመን፣ በ325 ዓመት፣ በማርች 21 ቀን ይውል የነበረው መዓልትና ሌሊት የሚተካከሉበት ዕለት፣ በ1582 ዓመት ወደ ማርች 11 ወርዶ ተገኘ። ፋሲካም የሚታሰበው ከዚያ ዕለት ስለ ሆነ፣ የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ፣ አሎይስዮስ ሊልዮስ የሚባል የካላብርያ ሐኪም ያወጣውን ሐሳብ ተቀብሎ ዐሥር ቀን እንዲፋቅ አዘዘ። ለወደ ፊቱም መቶ ዓመት በሞላ ጊዜ፣ ዓመቱ ለ400 በትክክል ካልተካፈለ በቀር፣ የፌብሩዋሪ 29ኛ ቀን እንድትቀር ተደነገገ። ስለዚህም 1700፣ 1800ና 1900 ይህች ቀን የለቻቸውም፤ 1600ና 2000 ግን አለቻቸው።

ትእዛዙ የሮማ በመሆኑ እንግሊዞች 170 ዓመት ያህል እንቢ ብለው ቈዩ። በመጨረሻም በ1752 ዓመት ሴፕቴምበር 2 ቀን ማታ ተኝተው በማግሥቱ በ14 ቀን ነቁ። ሕዝቡም «አሥራ አንድ ቀናችንን መልሱልን» እያለ በየአደባባዩ ዐመፀ እየተባለ ይተረካል። ይህን ዐመፅ መርምረው የፈለጉ የታሪክ ጸሐፊዎች ግን ማስረጃ አላገኙለትም፤ የወሬው ምንጭ ዊልያም ሆጋርት የሚባል ሠዓሊ በ1755 ዓመት ስለ ምርጫ ግብዣ በሣለው ሥዕል ውስጥ፣ ከወለል ላይ በወደቀ ጨርቅ የተጻፈ ቃል ነው። ለሣቅ የተሣለውን ሰዎች ለታሪክ ወሰዱት። የቀኖቹ ነገር በእውነት የገባው ለገንዘብ ሰብሳቢው ነበር፤ በማርች 25 ይጀምር የነበረውን የግብር ዓመት ወደ ኤፕሪል 5፣ ኋላም ወደ ኤፕሪል 6 አሻገረው እንጂ አንድ ቀን እንኳ አላስቀረም። የእንግሊዝ የግብር ዓመት እስከ ዛሬ ከኤፕሪል 6 የሚነሣው ከዚያ የተነሣ ነው።

ከሁሉ የሚያስቀው የስዊድኖች ነገር ነው። እነርሱ ቀኖቹን ባንድ ጊዜ መዝለል ፈርተው፣ ከ1700 እስከ 1740 ዓመት ድረስ በየአራት ዓመቱ የምትመጣውን ቀን እየተዉ ቀስ በቀስ ሊደርሱ አሰቡ። በ1700 ተዉ፤ በ1704ና በ1708 ግን ጦርነት ላይ ነበሩና መተዉን ረሱት። አቈጣጠራቸውም ከሮማም ከጎረቤታቸው ከመስኮብም ጋራ የማይስማማ ሆኖ ቀረ። ንጉሣቸው ካርል 12ኛ በነገሩ ተሰላችቶ ወደ ቀድሞው ለመመለስ በ1712 ዓመት አንድ ቀን ጨመረ፤ በዚያም ዓመት ፌብሩዋሪ 30 ቀን ሆነ። በዚያች ዕለት የተወለደ ሕፃን ልደቱ ተመልሶ አልመጣለትም። መስኮብም ራሱ እስከ 1918 ዓመት ስለ ቈየ፣ በኦክቶበር የተነሣው አብዮቱ በየዓመቱ በኖቬምበር ይከበር ነበር።

ይህ ነገር ኢትዮጵያንም ነክቷታል። በ1625 ዓመት የገባው ፖርቱጋላዊው አልፎንሱ ሜንዴዝ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በዓላትና አጽዋማት በሮማ ቍጥር እንዲሆኑ አስደርጎ ነበር። በ1632 ዓመት ንጉሡ የቀድሞውን ሃይማኖት በአዋጅ ሲመልሱ ባሕረ ሐሳቡም አብሮ ተመለሰ። በእርሱም ሥርዐት ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ፣ በዘመነ ሉቃስ ፍጻሜ፣ 6 ቀን ትሆናለች፤ መቶ ዓመት ቢሞላም ባይሞላም አይለወጥም።

እንግዲህ ከዚህ የሚነሣ፣ የተማረውንም ሰው የሚያሳስት ሌላ ጥያቄ አለ። የአድዋ ድል የሆነው በ1888 ዓመተ ምሕረት በየካቲት 23 ቀን፣ በዕለተ እሑድ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ነው። የፈረንጅ መጻሕፍት ሁሉ ማርች 1 ቀን 1896 ይሉታል። የዛሬው የድሉ መታሰቢያ ግን በማርች 2 ቀን ይውላል። ማን ተሳሳተ? አንዳንዱ የፈረንጅን መጽሐፍ ሊያርም ይነሣል፤ አንዳንዱም ኢትዮጵያውያን አንድ ቀን ዘግይተው ያከብራሉ ብሎ ይከራከራል። ሁለቱም ከንቱ ድካም ነው። በ1897፣ በ1898ና በ1899 የካቲት 23 የዋለው በማርች 1 ነበር። በ1900 ግን ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29ን ስለ ተዉ አራተኛው መታሰቢያ ወደ ማርች 2 ተሻገረ፤ ከዚያም ወዲህ ከዚያው ነው። የተንቀሳቀሰው ማርች ነው፤ የካቲትማ ከቦታው አልተነሣም።

ነገሩ ጨዋታ ቢመስልም የታሪክ ጸሓፊ የሚሰናከልበት ነው። የድሮውን ቀን በዛሬ ሰንጠረዥ የሚመልስ ሰው ከ1900 በፊት ባለው መቶ ዓመት ውስጥ የተጻፈውን ደብዳቤና ውል ሁሉ አንድ ቀን ያዘገየዋል። የውጫሌ ውል የተፈረመው በ1881 ዓመተ ምሕረት ሚያዝያ 25 ቀን፣ በፈረንጅም ሜይ 2 ቀን 1889 ነው፤ በዛሬው ሰንጠረዥ ቢፈለግ ግን ሜይ 3 ሆኖ ይገኛል። በ17ኛው ክፍል የተጣሉት የአማርኛውና የጣሊያንኛው ጽሑፍ በቀኑ እንኳ ተስማምተው ሳለ፣ ሰንጠረዥ የያዘ ሰው እንደ ገና ሊያጣላቸው አይገባም።

ፈረንጆች በ2100 ዓመትም ፌብሩዋሪ 29ን ይተዋሉ። በዚያ ዓመት የካቲት 23 በማርች 3 ይውላል፤ የልደትም በዓል ከ2101 ዓመት ጀምሮ ከጃንዩዋሪ 7 ወደ ጃንዩዋሪ 8 ይሻገራል።