ከኅዳር በሽታ እስከ ኮሮና፤ ሥራ ሲቆም ሰው ምን ይበላል?

ይህ የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ሲዘጋጅ፥ የታሪክ ክበብ አባላት የሆንን ተማሪዎች ምን እንጻፍ ብለን ብዙ ተከራከርን። አንዳንዶቻችን ስለ ዐድዋ፥ አንዳንዶቻችንም ስለ አክሱም ስንል፥ ከመካከላችን አንዱ «በዓይናችን ያየነውን ትተን ለምን ሩቅ እንሄዳለን?» አለን። ስለዚህ ስለ ወረርሽኝ ለመጻፍ ተስማማን። ስለ በሽታው ጠባይ የሚጽፍ ሐኪም አይታጣም፤ እኛ ግን ሥራ ሁሉ በቆመ ጊዜ ሰው ምን እንደ በላ ለመመርመር አሰብን።

በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር፥ አንደኛው የዓለም ጦርነት ባበቃበት ሰሞን፥ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ በዐዲስ አበባ ላይ በረታ። ሕዝቡም «የኅዳር በሽታ» ብሎ ሰየመው። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን እንኳ በጽኑ ታመው ነበር። በከተማው የሞተው ሰው ወደ ዐሥር ሺሕ እንደሚጠጋ ይነገራል፤ ዐዲስ አበባ ያን ጊዜ ምን ያህል ትንሽ ከተማ እንደ ነበረች ለሚያስብ ሰው ቁጥሩ ያስደነግጣል።

ይህ በሽታ አንድ ልዩ ጠባይ ነበረው። ሕፃንና ሽማግሌን ብቻ ሳይሆን፥ ይልቁንም ጕልበት ያለውን ጐልማሳ ይጥል ነበር። እንግዲህ የወደቀው እንጨት የሚፈልጠው፥ ውሃ የሚቀዳው፥ እህል የሚፈጨው፥ እንጀራ የሚጋግረው ሰው ነው። በዚያ ዘመን የብዙው ቤት ዱቄት በእጅ ወፍጮ የሚፈጭ ስለ ነበረ፥ የፈጪዋ ክንድ ሲዝል በጎተራው እህል ያለው ቤተ ሰብ እንኳ ጦሙን ማደሩ አይቀርም ነበር። ጎረቤት ለጎረቤት መድረስ የአገራችን ደንብ ነው፤ ነገር ግን ጎረቤትም ተኝቶ ነበር። ዛሬ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተጠረገ ሲቃጠል፥ ልማዱ ከዚያ በሽታ ጋር ተያይዞ ይወሳል። ጭሱን እስከ ዛሬ እናስታውሳለን፤ በየጎጆው የተራበውን ሰው ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው።

ከ101 ዓመት በኋላ፥ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን ተገኘ፤ መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። እኛ ያን ጊዜ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን፤ እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያው ቀን ደስ ብሎን ነበር። ደስ ያላላቸው ልጆች እንደ ነበሩ የተረዳነው ዘግይተን ነው። በዚያው የትምህርት ዘመን የዐዲስ አበባ አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ወደ 300 ሺሕ ለሚሆኑ ተማሪዎች የምገባ ሥራውን አስፋፍቶ ነበር። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ወጥ ቤቱም አብሮ ተዘጋ። አንዲት የክፍል ጓደኛችን እናቷ በየሰው ቤት ልብስ እያጠቡ ነበር የሚያሳድጓት፤ ደንበኞቻቸው በሽታውን ፈርተው «ለጊዜው አይምጡ» አሏቸው። ይህች ልጅ ኋላ ስትነግረን «ለኔ ቀኑ ሁሉ ቅዳሜ ሆነ» አለች። ነገሩ ያልገባን እኛ «ቅዳሜ ምን ይከፋል?» ብለን ጠየቅናት፤ ቅዳሜ የትምህርት ቤት ምሳ የለም።

መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። መንግሥት እንደ ሌሎች አገሮች ሕዝቡን በሙሉ በቤት አልዘጋም፤ ቤት የሌለው ብዙ ነው፥ ቤት ያለውም የዕለት ጕርሱን በዕለቱ የሚፈልግ ነው ተብሎ ምክንያቱ ተነገረ። ሆኖም ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ ታክሲ በግማሽ ሰው እንዲጭን ሆኖ ዋጋው ናረ። አሠሪ ሠራተኛውን እንዳያባርር፥ አከራይም ተከራዩን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ታዘዘ። ይህ መልካም ትእዛዝ ነበር። ግን አሠሪው በየቀኑ የሚለዋወጥበትን የቀን ሠራተኛ፥ ሊስትሮውን፥ የጉልት ነጋዴዋን ማን አባረራቸው ይባላል?

በገጠር ግን ከወረርሽኙ በፊት የተዘረጋ ነገር ነበር። ሕዝቡ «ሴፍቲኔት» የሚለው ሥራ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረ ሲሆን፥ በየዓመቱ እህል የሚያጥረው ገበሬ እርከን እየሠራና ችግኝ እየተከለ በወር ለአንድ ሰው 15 ኪሎ እህል ወይም ዋጋውን በገንዘብ እንዲያገኝ ያደርጋል። መሥራት የማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ያለ ሥራ ይረዳሉ። የዓለም አቀፍ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ባለሙያዎች በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የጠየቋቸውን የገጠር ቤተ ሰቦች በሰኔ 2012 ዓ.ም. በስልክ መልሰው ቢጠይቋቸው፥ የምግብ እጥረት ያገኛቸው ከመቶው በ11.7 ጨምሮ ተገኘ። በሴፍቲኔት በታቀፉት ዘንድ ግን ጭማሪው 2.4 ብቻ ነበር። እኛ ይህን ቁጥር ስናነብ የገረመን፥ ያ ሥራ ለበሽታ ተብሎ የተቋቋመ አለመሆኑ ነው። ስሙ አስቀድሞ በመዝገብ ስለ ሰፈረ፥ ክፉው ቀን ሲመጣ ገበሬው ማነው ብሎ መፈለግ አላስፈለገም።

ለከተማም በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ተመሳሳይ ሥራ ተጀምሮ ነበር፤ የታሰበውም ለ604 ሺሕ ሰው ነው። መንገድ የሚጠርጉት እናቶች ከዚያ ናቸው። የጓደኛችን እናት ግን በመዝገቡ አልነበሩም፤ ከሰፈር ሰፈር በኪራይ ይዘዋወሩ ስለ ነበር፥ ሲመዘገብ ነዋሪ ነኝ የሚሉበት መታወቂያ አልነበራቸውም።

ታዲያ ማን ደረሰላቸው? በትንሣኤ ሰሞን «ማዕድ እናጋራ» የሚል ጥሪ ተነግሮ፥ ያለው ለሌለው ዱቄትና ዘይት ይሰጥ ጀመር፤ ኪራይ የማሩ አከራዮችም ነበሩ። በሰፈራችን ደግሞ ዕድሩ ገባበት። ዕድር ለሞት እንጂ ለረኃብ አልተቋቋመምና ክርክር ተነሣ። አንድ አዛውንት «የቀብር ገንዘብ በሕይወት ላለ ሰው ይሰጣል ወይ?» ሲሉ፥ ዳኛው «አባቴ፥ ካልሰጠነው እኮ ለቀብሩ ልናወጣው ነው» ብለው መለሱ። ለ12 ቤት ዱቄትና ዘይት ተገዛ። የዕድሩ አባል ያልሆኑት የጓደኛችን እናት ዐሥራ ሦስተኛ ሆነው የገቡት፥ አንዲት ጎረቤት «ከኔ ድርሻ ይነሣ» ስላሉ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በየተራ ተከፈቱ። በመጀመሪያው ቀን እኛ አንዳችን የሌላውን የአፍ መሸፈኛ እያየን ስንሥቅ፥ ያቺ ጓደኛችን በሩ ላይ ቆማ ወደ ወጥ ቤቱ ትመለከት ነበር። ጭስ አለ።