ከድምፅ ቆጠራ ወደ ወንጀል ችሎት፤ የ1997 ዓ.ም. ምርጫ ሙግት

ስለ 1997ቱ ምርጫ ሲነሣ ብዙዎቻችን «ማን አሸነፈ?» በሚለው እንጠመዳለን። እኔ የምሻው የድምፅ ጥያቄው እንዴት የወንጀል ክስ እንደ ሆነ ማየት ነው።

ሕዝቡ ግንቦት 7 ድምፁን ሰጠ። በዚያው ምሽት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በአዲስ አበባ ሰልፍ ከለከሉ። ቅንጅት ድምፃችን ተሰረቀ አለ፤ ኢሕአዴግም በበኩሉ ተጭበርብሬአለሁ ሲል አቤት አለ። ሁለቱም ከሳሽ እንደ ነበሩ ዛሬ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። አቤቱታው ተጣርቶ በነሐሴ ወር በ31 የምርጫ ክልሎች ድጋሚ ምርጫ ተካሄደ፤ ጥርጣሬው ግን አልበረደም።

በሰኔና በጥቅምት ደም ፈሰሰ፤ ኋላ አጣሪ ኮሚሽኑ የ193 ሲቪሎችንና የ6 ፖሊሶችን ሞት መዘገበ። የቅንጅት መሪዎች ከጋዜጠኞች ጋር ታስረው ሕገ መንግሥቱን በኃይል ለመናድ በመሞከር፣ አልፎም በዘር ማጥፋት ሙከራ ተከሰሱ። የመጨረሻውን ክስ ፍርድ ቤቱ ራሱ በ1999 ውድቅ አድርጎታል።

ለታሪክ ጸሐፊ ከባዱ እዚህ ላይ ነው። ችሎቱ የመረመረው የተከሳሾችን ሐሳብና ድርጊት እንጂ የድምፅ ሣጥኑን አልነበረም። አብዛኞቹ ተከሳሾችም አንከራከርም በማለታቸው የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ በመስቀለኛ ጥያቄ ሳይፈተን ቀረ። ሐምሌ 1999 በብዙዎቹ ላይ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደ፤ በቀናት ውስጥ ይቅርታ ተከተለ። መዝገቡ ተዘጋ፤ የቆጠራው ጥያቄ ግን በዚያ ችሎት አልተመረመረም።

ከተፈረደባቸው አንዷ፣ የቀድሞዋ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ፣ በ2011 የዚያው ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ።