አፈርሳታ፣ ሲንቄ፣ ሮንድ፤ የዴራና የአርሲ ጸጥታ ታሪክ

ከአዳማ ተነሥቶ የአዋሽን ወንዝ ከተሻገረ በኋላ ወደ አሰላ የሚያቀና መንገደኛ፣ ደጋውን ገና ሳይጨብጥ በዶዶታ ሜዳ ላይ የተቆረቆረችውን የዴራን ከተማ ያገኛል፤ ከዚያም ኢተያና ጎንዴ እየተከታተሉ፣ አየሩ እየቀዘቀዘ፣ የጭላሎ ተራራ በስተግራ ከፍ እያለ ሄዶ፣ ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ከአሰላ ይደርሳል። ከዴራ በላይ ስንዴና ገብስ የሚያበቅል አገር፣ ከዴራ በታች ከብት የሚሰማራበት የአዋሽ ቆላ ስላለ፣ እህል ጫኙም ከብት ነጂውም የሚያልፈው በእርሷ በኩል ነው። መንገድና ገበያ ነጋዴን እንደሚስቡ ሁሉ ቀማኛንም ይስባሉና፣ የፖሊስ ጣቢያ ሳይሠራ በፊት በእንዲህ ያለው አገር ሰው ንብረቱንና ነፍሱን በምን ሥርዓት ይጠብቅ እንደነበረ መመርመር የሚገባ ነገር ነው።

ዛሬ የአንድ ከተማ ጸጥታ በመዝገብ ይለካል፤ በዓመቱ ስንት ስርቆት፣ ስንት ድብደባ፣ ስንት ግድያ ለፖሊስ እንደተመለከተ ተቆጥሮ ካለፈው ዓመት ጋር ይነጻጸራል። የቀድሞ ሰው እንዲህ ያለ መዝገብ አልነበረውም፤ መለኪያው ሲራራ ነጋዴ ያለ አጃቢ መንገድ ላይ ማደሩ፣ ከብት በሰላም ከመስክ መግባቱ፣ ሴት ልጅ ውሃ ቀድታ ያለ ስጋት መመለሷ ነበር። ይሁን እንጂ መዝገብ ያልነበረው ዘመን ከባለመዝገቡ ዘመን ይልቅ ስርቆትን አጥብቆ ያውቅ ነበር ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም፤ ወደ ታች እንደምናየው፣ ሌባው ያልተገኘለት ስርቆት የአገሬው ሁሉ ዕዳ ስለነበረ፣ የአንዱ ላም መጥፋት የአንዱ ኀዘን ብቻ ሆኖ አይቀርም ነበርና።

ከሁሉ አስቀድሞ የአርሲ ኦሮሞ የራሱ ሕግ ነበረው። ይህ ሕግ በብራና ያልተጻፈ፣ በገዳ ሥርዓት የሚታወጅና በሽማግሌዎች ቃል የሚጠበቅ ሲሆን፣ ደም በፈሰሰ ጊዜ ጉማ የሚባለውን ያስከትላል። ጉማ ካሣም ዕርቅም ነው። ለአንድ ወንድ ነፍስ በወጉ የሚጠራው መጠን መቶ ከብት ነበር፤ በተግባር ግን ሽማግሌዎች እየማለዱ ያስቀንሱት ነበር። ዋናው ነገር ነፍሰ ገዳዩ ብቻውን የማይከፍለው መሆኑ ነው፤ ጎሣው ተሰብስቦ ያዋጣለታል። ስለዚህ ቁጣ የያዘው ጎልማሳ ጦሩን ባነሣ ጊዜ እጁን የሚይዘው የመንግሥት ዘበኛ አልነበረም፤ እጁን የሚይዘው በእርሱ የተነሣ ከአጎቱና ከአጎቱ ልጅ በረት ከብት እንደሚነዳ ማወቁ፣ አባቶችም ይህን ስለሚያውቁ ግልፍተኛውን ወጣት አስቀድመው መምከራቸውና መገሠጻቸው ነበር።

ከወንዶቹ ሸንጎ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የሴቶቹ ሥልጣን ነው። ሲንቄ እናት ልጇን ስትድር የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት፤ ባለትዳሪቱም እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ በክብር ታኖራታለች። ሁለት ወገኖች ተጣልተው ጦር ተማዘዙ የተባለ እንደሆነ፣ የመንደሩ ሴቶች እየተጠራሩ፣ በአንድ እጃቸው ሲንቄ፣ በሌላው እጃቸው እርጥብ ሣር ይዘው፣ እየዘመሩ በተሰላፊዎቹ መካከል ይቆማሉ። ያን የሴቶች መስመር ጥሶ ጦር የሚወረውር ወንድ፣ የፈጣሪን ሥርዓት እንደ ደፈረ ተቆጥሮ ርግማን ይደርስበታልና፣ ጠበኛው ሁሉ ወዶም ሳይወድም መሣሪያውን ዝቅ ያደርጋል። ባል ሚስቱን በግፍ በመታ ጊዜም፣ ይልቁንም አራስ ሆና ሳለች ከነካት፣ እሪታዋን የሰሙት ሴቶች ከየቤታቸው ነቅለው ይወጣሉ። ላሚቱ ሳትታለብ ትውላለች፤ ሕፃኑ እናቱን ይጠራል፤ ምድጃው ይቀዘቅዛል፤ ያልበደሉት ባሎች ሁሉ በአንዱ በደል ምክንያት ጾማቸውን ይውላሉ። በዚህን ጊዜ በዳዩን አስጨንቆ ወደ ሽማግሌ የሚያመጣው ጎረቤቱ ራሱ ነው፤ ሴቶቹም በዳዩ ከብት አርዶ ይቅርታ እስኪጠይቅ ድረስ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። በዘመናችን የቤት ውስጥ ድብደባ የሚባለውን ወንጀል እንዲህ በአደባባይ የሚፋረድ ሥርዓት በሌላው ዓለም ስንት እንደሚገኝ እጠራጠራለሁ።

በ1870ዎቹ ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጦር ከብዙ ዘመቻና ከብዙ ደም መፋሰስ በኋላ አርሲን ያዘ፤ በዘመቻው ራስ ዳርጌ ዋነኛው የጦር አለቃ ነበሩ። ከዚህ ወዲህ በጎሣው ሥርዓት ላይ ባላባት፣ መልከኛ፣ ጭቃ ሹም የሚባል የሹመት መሰላል ቆመ፤ ከሹማምንቱም ጋር አፈርሳታ መጣ፤ በሌላ ስሙ አውጫጭኝ ይባላል። ደራሲ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በጉራጌ አገር ስለ ተቃጠለ አንድ ቤት በእንግሊዝኛ ለጻፈው ልብ ወለድ ርእስ ያደረገው ይህንኑ ሥርዓት ነው።

አፈርሳታ የሚቀመጠው ሌባው ወይም አቃጣዩ ወይም ነፍሰ ገዳዩ ያልታወቀ እንደሆነ ነው። ንብረት የጠፋበት ሰው ለሹሙ ያመለክታል፤ ሹሙም ለአቅመ አዳም የደረሰ ወንድ ሁሉ በዚህ ቀን ከዚህ ሜዳ ይገኝ ብሎ ያስለፍፋል። የቀረ ይቀጣል። በቀኑ ሕዝቡ በሜዳው ላይ ይከበባል፤ ፍርዱ እስኪያልቅ ድረስ ወደ ቤት መሄድ የለም። ከዚያ በኋላ በሁለቱም ወገን የታመኑ ሽማግሌዎች ተመርጠው ምስጢር እንዳያወጡ ይምላሉ፤ የተሰበሰበውም ሰው አንድ በአንድ እየቀረበ፣ ክርስቲያኑ በመስቀል፣ ሙስሊሙ በቁርኣን ምሎ፣ ያየውንና የሰማውን ለእነርሱ ብቻ በጆሮ ይናገራል። ጥቆማው ወፍ ይባላል፤ ጠቋሚው ስሙ አይወጣም፤ ሽማግሌዎቹ ወፍ ነገረን ብለው ያልፋሉ። ወፎቹ በአንድ ሰው ላይ የተባበሩ እንደሆነ ያ ሰው ተይዞ ይጠየቃል። በመጀመሪያው ቀን ያልተገኘ እንደሆነ ሌላ ቀን ይቀጠራል፤ ሁለተኛው ባዶ ከሆነ ሦስተኛ ይጨመራል፤ በመጨረሻ ሌባው ከጠፋ የአገሩ ሰው ተካፍሎ የጠፋውን ንብረት ዋጋ ይከፍላል።

በክርስቲያኑ ዘንድ ለዚህ ረዳት የሆነ ሌላ ነገር ነበር፤ ካህኑ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ላይ ቆሞ፣ አይቶ የደበቀውን፣ ሰምቶ ዝም ያለውን በግዝት ያስፈራራል። ሹምን የማይፈራ ሰው ግዝትን ይፈራ ነበር። ሌባ ሻይ የሚባለውን፣ አንድ ብላቴና መድኀኒት አጠጥቶ ወገቡን በገመድ ይዞ የሚያሯሩጠውንና ብላቴናው ሮጦ በወደቀበት ቤት ባለቤት ላይ የሚፈርደውን ልማድ ግን ከዚህ ጋር አንድ አድርጎ መቁጠር አይገባም፤ ያ ጥንቆላ ነበር፤ በሕግ መከልከሉም ተገቢ ነው።

አፈርሳታን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርጎ የሚንቅ ሰው ቢኖር፣ ሠልጥኗል ወደሚባለው ወደ እንግሊዝ አገር ትናንሽ ከተሞች ታሪክ ዞር ብሎ ይመልከት። በ1285 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ቀዳማዊ ኤድዋርድ የዊንቸስተር ሕግ የሚባለውን ባወጀ ጊዜ፣ ሌባው ካልተያዘ የወረዳው ሕዝብ በሙሉ ለተዘረፈው ሰው ተጠያቂ እንዲሆን አዘዘ። እሪ ባለ ሰው ድምፅ የሰማ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ሌባውን ከመንደር ወደ መንደር እንዲያሳድድ፣ የከተሞች በር ፀሐይ ከገባች እስክትወጣ እንዲዘጋ፣ ከዕርገት በዓል እስከ ቅዱስ ሚካኤል በዓል ድረስ በየሌሊቱ ዘብ እንዲቆም፣ በትንሽ መንደርም ዘበኞቹ ስድስት ወይም አራት እንዲሆኑ፣ ሌሊት የሚያልፍ እንግዳም እስኪነጋ ተይዞ እንዲያድር ደነገገ። ቀማኛ እንዳይሸሸግባቸው በትልልቅ የገበያ መንገዶች ግራና ቀኝ እስከ 200 ጫማ ድረስ ቁጥቋጦው እንዲመነጠር ሳይቀር ተጽፏል። ከዚያም በፊት የእንግሊዝ ባላገር ዐሥር ዐሥር እየሆነ አንዱ ለሌላው ዋስ ሆኖ ይኖር ነበር፤ እኛ ተያዥ የሌለውን ሰው ቤታችን እንደማናስገባው ማለት ነው። ደመወዝ ያለው መደበኛ ፖሊስ በለንደን የቆመው በ1829፣ በየአውራጃው ሁሉ ግዴታ የሆነው ደግሞ በ1856 ነው። ስለዚህ ጎረቤትን የጎረቤት ጠባቂ ማድረግ የአንድ ዘር ወይም የአንድ አገር ጠባይ አይደለም፤ ደመወዝተኛ ዘበኛ ለማቆም ገና ያልደረሰ መንግሥት ሁሉ የሚይዘው መንገድ ነው።

ይህን ስል የአፈርሳታን ግፍ ልሸፍን አይደለም። በአጨዳ ወራት ገበሬው ማጭዱን ጥሎ በሜዳ ላይ ሲቀመጥ ያልሰረቀው ሰው የሚከስረው ከተሰረቀው ንብረት ይበልጥ ነበር፤ ዕዳውም በራስ ሲደለደል ባለጠጋውና ድኻው እኩል ይከፍላሉ፤ ወፏም ስሟ የማይታወቅ እንደመሆኗ መጠን የድንበር ቂም ላለው ሰው የተመቸች መሣሪያ ነበረች። የሀብታም ልጅ ሰርቆ እንደሆነ ብዙ ወፍ አይጮኽበትም።

በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ አዋጅ ወጣ። ይሁን እንጂ በሰፊው ባላገር ፖሊሱ ጥቂት፣ መንገዱም ሩቅ ስለነበረ፣ ከሕዝቡ የተመለመለው ነጭ ለባሽ ሽፍታን የማሳደድ ሥራ ያዘ፤ ነጭ ለባሹም በየደረሰበት ገበሬው እንዲያበላው ይፈልግ ስለነበረ ጸጥታው በነጻ የሚገኝ አልነበረም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ቅጣት የግል ነው፣ ማንም ሰው ራሱ ባደረገው ጥፋት ካልተፈረደበት በቀር አይቀጣም ሲል፣ በ1949 ዓ.ም. የወጣውና ከሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ይህንኑ መሠረት ሲከተል፣ የጉማም የአፈርሳታም ሥር በወረቀት ላይ ተነቀለ። በሜዳው ላይ ግን አፈርሳታ ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት ተቀመጠ፤ ሕዝቡ ሕጉን በመናቁ ሳይሆን ሌላ መርማሪ ስላልነበረው ነው።

ሕጉ ያላሰበው ሌላ ነገር ደግሞ መጣ። በ1960 ዓ.ም. ከስዊድን መንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት አሰላ ላይ ተቋቋመ፤ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አስገባ፤ የገበሬውም ምርት ጨመረ። ይሁንና ስንዴው ትርፍ የሚያስገኝ መሆኑን ያዩ ባለርስቶች ትራክተር እየገዙ፣ ሜዳማውን አገር በራሳቸው እያረሱ፣ ጭሰኛውን ከመሬቱ አስለቀቁት። መሬቱን የተነጠቀ ሰው በአፈርሳታ ሜዳ ላይ ከማን ጋር ይቀመጣል? ጎረቤት ለጎረቤት ዋስ የሚሆነው ሁለቱም በአንድ ቦታ ሲኖሩ ነው፤ አንዱ ከተፈናቀለ ዋስትናውም አብሮ ይፈርሳል። የወንጀልን መብዛትና ማነስ በፖሊስ ብዛት ብቻ የሚመረምሩ ሰዎች ይህን ነገር ቢያስቡት መልካም ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን በገጠር የገበሬ ማኅበር፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን በወጣው አዋጅ ደግሞ በከተማ ቀበሌ ተቋቋመ፤ ሁለቱም የፍርድ ሸንጎና ጥበቃ ነበራቸው። ሮንድ የሚባለው የሌሊት ዙር ያን ጊዜ በየከተማው ተስፋፋ፤ ነዋሪው በተራው ዱላና ባትሪ ይዞ ሰፈሩን ሲዞር ያድራል። ቤት ሰባሪ ሌባን ያባረረ ሮንድ እንዳለ ሁሉ፣ በቀይ ሽብር ዘመን ያው የቀበሌ ጠመንጃ በጎረቤት ልጅ ላይ ዞሯል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ያየውን ላለመናገር፣ የሰማውን ላለመመስከር የተማረው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል፤ ወፏ በመንግሥት እጅ ስትገባ ሰው አፉን ዘጋ።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት የባህልና የሃይማኖት ፍርድ ቤቶች በግልና በቤተሰብ ጉዳይ በተከራካሪዎች ፈቃድ እንዲዳኙ ፈቀደ፤ የኦሮሚያ ክልልም በ2013 ዓ.ም. የባህላዊ ፍርድ ቤቶች አዋጅ አወጣ። በእኔ አስተያየት ከአሮጌው ሥርዓት ሊመለስ የማይገባው ያልበደለውን ማስከፈሉና ስም የለሹ ጥቆማ ነው፤ ሊመለስ የሚገባው ደግሞ የተበዳዩ መካስ ነው። ዛሬ ሌባው ሲታሰር ላሟ የጠፋባት መበለት ከእስራቱ አንዳች አታገኝምና።

እንግዲህ በአሰላ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ የሕግና የታሪክ ተማሪዎች ሆይ፣ በአፈርሳታ ሜዳ ላይ በጎልማሳነታቸው የተቀመጡት የዶዶታና የሄጦሳ ወረዳዎች አባቶች ሰማንያን እየተሻገሩ ናቸው፤ ሲንቄ ይዘው በጦረኞች መካከል የቆሙት እናቶችም እንዲሁ። በማን ላይ እንደተፈረደ ብቻ ሳይሆን ስንት ቀን እንደተቀመጡ፣ ስንት ብር እንዳዋጡ፣ ከፍርዱ በኋላ ተከሳሹና ከሳሹ አብረው ቡና ጠጥተው እንደሆነም ጠይቃችሁ ጻፉ።