ለክፉ ቀን የተቀመጡት ሞተሮች

የግድቦቻችንን ስም ከቆቃ እስከ ጊቤ በቃላችን እንወጣዋለን። የቃሊቲን የናፍጣ ማመንጫ ግን ስንቶቻችን እናውቀዋለን? በ1996 ዓ.ም. ገደማ ቃሊቲ ላይ ወደ 14፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ወደ 35፣ ድሬዳዋ ላይ ወደ 38 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሞተሮች ተተከሉ።

ሥራቸው መጠበቅ ነው። ግድቡ ውሃ ሲያጥረው፣ ወይ ምሽት ላይ ምድጃው ሁሉ አንድ ላይ ሲለኮስ ይነሳሉ፤ በደቂቃዎች ውስጥ መስመር ላይ ናቸው። ችግሩ ሆዳቸው ነው! ዝናብ በነጻ ይወርዳል፤ ናፍጣ ግን በዶላር ተገዝቶ ከጅቡቲ በቦቴ ይመጣል። (ሁለቱ ጣቢያዎች እዚያው መንገድ ላይ ናቸው።) በሐምሌ 2000 ዓ.ም. ድፍድፍ ነዳጅ በበርሜል 147 ዶላር ደርሶ ነበር።

በዓመቱ ፈረቃ መጣ፤ አንድ ቀን መብራት፣ አንድ ቀን ሻማ። ሞተሮቹ አልበቁም፣ ጄኔሬተር በኪራይ ተጨመረ። በ2002 ዓ.ም. ተከዜ በ300፣ በለስ በ460 ሜጋ ዋት ሲደርሱ ናፍጣው ተረሳ። እኛም ረሳነው።

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ነው፤ የሦስቱን ጣቢያዎች ድምር ወደ 60 ጊዜ ያጥፈዋል። እሱም ቢሆን የሚጠጣው ዝናብ ነው። ተከታታይ ድርቅ ቢመጣ የሚነሳው ማን እንደሆነ ግን ከምረቃው ማግስት ጀምሮ መጠየቅ ነበረብን።