የቀድሞ ባል ዕዳ የማን ዕዳ ነው?

«የአልጋ ቁራኛ ሆነ» እንላለን። «በዓይነ ቁራኛ ጠብቀው» እንላለን። ቁራኛ ግን የአልጋና የዓይን ከመሆኑ በፊት የዕዳና የሙግት ቃል ነበር። ድሮ ባለዕዳው ዋስ ካጣ ከአበዳሪው ጋር እጅ ለእጅ በሰንሰለት ይታሰር ነበር። ቀለል ላለ ሙግት ደግሞ የከሳሽና የተከሳሽ ነጠላ ተቋጥሮ ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። አገራችንን የጎበኙ የውጭ ሰዎች ነገሩ ገርሟቸው ጽፈውታል፣ ፎቶም አንስተውታል። እኛን የገረመን ሌላ ነው፤ አበዳሪውም እኮ አብሮ ታስሯል!

ታዲያ ባለዕዳው ባል ቢሆንና ትዳሩ ቢፈርስስ?

በወገራና በስሜን፣ ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ከዚያም እስከ ተራሮቹ ግርጌ ባለው አገር ጥያቄው የቅንጦት አልነበረም። ቁርባን አይፈርስም፤ ብዙው ገበሬ ግን የሚጋባው በሰማንያ ነው፣ ሰማንያ ደግሞ ይፈርሳል። ሲፈርስ ሽማግሌ ተቀምጦ ከብቱንም እህሉንም ያካፍላል። «ሀብትሽ በሀብቴ» ተብሎ የተጀመረ ትዳር ዕዳውንም መደልደሉ አይቀርም። ችግሩ አበዳሪው እዚያ አለመኖሩ ነው። ባልና ሚስት «ዕዳው የእሱ ነው» ብለው ተስማሙ እንበል፤ አበዳሪው መቼ ተስማማ?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን በቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች እጅ ተወው። የ1992ቱ የፌዴራል የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወደ ፍርድ ቤት ወሰደው፤ አማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79 አወጣ። የፌዴራሉን ሕግ አንቀጽ 70 ብታነቡ «የማን ሚስት ነሽ?» አይልም፤ ጥያቄው «ብሩ የት ገባ?» ነው። የአንዱ የግል ዕዳ ከሆነ መጀመሪያ ከራሱ የግል ሀብት ይከፈላል፣ ያ ከሌለ ከጋራው። ለትዳሩ ጥቅም የገባ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ ለቤት ቀለብና ለልጆች ኑሮ፣ ሁለቱም በአንድነትና በነጠላ ይጠየቃሉ። ይኸውም አበዳሪው ከሁለቱ የፈለገውን መርጦ ሙሉውን መጠየቅ ይችላል፤ የፍቺ ወረቀት አያስቆመውም።

እስቲ ይህን ሕግ ይዘን ደባርቅ እንውረድ። እዚያ ዕዳ ሰብሳቢ ማለት ክራቫት ያሰረ ሰውዬ አይደለም፣ ጎረቤት ነው። የዛሬው ጸደይ ባንክ አብቁተ በነበረበት ዘመን ብዙውን ብድር ያዳረሰው በቡድን ዋስትና ነው፤ አንዱ ካልከፈለ ሌሎቹ ይጠየቃሉ። ባል ተበድሮ ለሰሊጥ ሥራ ወደ ሁመራ ወይም ወደ መተማ ወርዶ ቢቀር፣ የቡድኑ አባላት የሚያንኳኩት የቀድሞ ሚስቱን በር ነው። ከእነሱ ጋር ዕድርም ገበያም አለባት። «ብሩ ለራሱ ነው የዋለው» ብትል ምን ይዛ ታስረዳለች? ገጠር ደረሰኝ የሚያስቀምጥ ማን አለ?

የባሰም አለ። ብድሩ በእሷ ስም ወጥቶ ብሩን የወሰደው እሱ የሆነበት። ይህ በእኛም አገር በሌላም የአነስተኛ ብድር ታሪክ ውስጥ የተለመደ ነው። እዚህ ላይ ከፋይዋ ፈራሚዋ ናት፤ «ከፍያለሁና መልስልኝ» ብላ እሱን መክሰስ ትችላለች፣ ሁመራ ድረስ ሄዳ ካገኘችው።

ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በክልሉ የተሰጠው የመሬት ደብተር የባልና የሚስትን ስም አብሮ ይመዘግባል። መሬት ስለማይሸጥ አበዳሪ በሐራጅ አያወጣውም። እንደኛ፣ ያቺ ሴት በእጇ ካሉት ወረቀቶች ሁሉ ጠንካራው እሱ ነው።