ከጅማ እስከ ዋጫ፤ የእርሻ ትምህርት የሄደበት መንገድ

የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ስም ሲነሣ ሁሉም ሐረርጌን ያስባል። ይሁንና ዘሩ አስቀድሞ የተዘራው በቀድሞው የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ፣ በጅማ፣ መሆኑን ለአንባብያን ለማስታወስ እንወዳለን። (ዓመታቱን የጻፍነው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ ከሩቅ ይጀምራል። በ1862 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በፈረሙት ሕግ የመንግሥት መሬት ለየግዛቱ ተሰጠ፤ ከሽያጩ በተገኘውም ገንዘብ እርሻንና የመካኒክ ሙያን የሚያስተምሩ ኮሌጆች ተቋቋሙ። መሬት ለመኳንንት ጉልት ሆኖ ሲተከል ያየ የሀገራችን ሰው፣ ለገበሬ ልጅ ትምህርት ሲባል መሬት መሰጠቱን ቢያደንቅ አይፈረድበትም፤ ዳሩ ግን ያ መሬት ከሀገሩ ጥንተ ነዋሪዎች የተወሰደ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። በ1914 ሌላ ሕግ ወጥቶ፣ የኮሌጁ ዕውቀት እስከ ገበሬው ማሳ እንዲደርስ ተደነገገ።

ከነዚህ ኮሌጆች የአንዱ፣ የኦክላሆማው፣ ፕሬዚዳንት ዶክተር ሄንሪ ቤኔት በ1950 ኢትዮጵያን ጎበኙ። እሳቸው በ1951 መጨረሻ በኢራን በአውሮፕላን አደጋ ቢሞቱም፣ ውሉ በ1952 ተፈረመ፤ በዚያው ዓመት የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የኮሌጁ ትምህርት በ1954 እዚያው ጅማ ተጀምሮ፣ በ1956 ወደ ዓለማያ ተዛወረ።

ኮሌጁ ተማሪ ማሠልጠንን፣ ምርምርንና ገበሬን ማስተማርን በአንድ እጅ ይዞ ነበር። በ1963 ግን ሦስተኛው ሥራ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተላለፈ። ሚኒስቴሩ በየጠቅላይ ግዛቱ ሊደርስ የሚችል ክንድ ስለ ነበረው፣ ለውሳኔው ምክንያት አልታጣለትም። እኛ ግን ጉዳትም ነበረው እንላለን፤ ከማሳ የሚነሣው ጥያቄ ወደ ተመራማሪው የሚደርስበት መንገድ ረዝሟልና።

የመንገዱን ርዝመት ለመረዳት በዚያው በከፋ፣ በጨና ወረዳ፣ ዋጫ አካባቢ ያለውን ገበሬ ማሰብ ይበቃል። እንሰቱን ከአባቱ ተምሮ ይተክላል፤ ቡናውን በጫካው ጥላ ሥር ይለቅማል። ለእንዲህ ያለ ሰው ምሁር የሚሰጠው ዕውቀት አለ፤ ከእርሱም የሚቀበለው አለ። በዚህ ረገድ ዘግይቶ የመጣ አንድ ሥራ ደስ ያሰኘናል። በ2009 በከፋ ዞን፣ በአዲዮ ካካ፣ የቦንጋን በግ ዝርያ ለማሻሻል ሲታሰብ የውጭ ሀገር በግ አልመጣም። ገበሬዎቹ በማኅበር ተደራጁ፤ ተመራማሪዎቹ የልደትና የክብደት መዝገብ ያዙ፤ አውራውን በግ ግን በቁመናው፣ በጅራቱና በቀለሙ አይተው የሚመርጡት ባለቤቶቹ ሆኑ። የተመረጠው አውራ የመንደሩን በጎች በጋራ ያገለግላል፤ ያልተመረጠው ተኮላሽቶ ሙክት ይሆንና ለገበያ ይወጣል።